ሁለት ጎማ

ከደብረ ብርሃን ሞልተን ተነስተን፣
አስራ ሁለት ሰው ላይ ሁለት ደርበን፣
ጉም የጠጣ መንገድ በመብራት ቀደን፣
ጣርማበር ላይ፣ ከዋሻው አፍ ስንደርስ፣
ወንድይፍራው አንድ እጁን ወደ ቴፑ ሲመልስ፣
«ዝም በሉ» ይል ነበር፣ «ሳላችሁን ጨርሱ፣
ዶሮ የያዛችሁ አፏን አልብሱ።»
ድምፁን ያጠፋዋል፣ ጥርግ አድርጎ እስከ ዜሮ፣
ካሴቱ ግን ይዞራል፣ በዝምታ ታስሮ።

ዋሻው ጨለማ ነው፣ ውሃ ያንጠባጥባል፣
እሱ በመሪው ላይ ጣቱን ያንኳኳል፣
ከንፈሩ አይነቃነቅ፣ ዓይኑ መንገድ ያያል።
ወዲያ ማዶ ብርሃን እንደ ሳንቲም ታይቶ፣
ሳንቲሙ ሰፌድ ሲያህል፣ ሰፌዱ በር ሲሆን ሰፍቶ፣
ልክ ፀሐይ ሲመታን፣ ልክ አፉ ላይ ስንወጣ፣
ድምፁን ይለቀዋል፤ ዘፈኑ ሲመጣ
እሱም ከዚያው ቃል ላይ አፉን ከፍቶ ወጣ።
አንዲት ፊደል አይስት።
ለስላሳ ያስያዘ፣ የተወራረደ፣
ከኪሱ እያወጣ በሳቅ ተዋረደ።
እኔ ረዳቱ ነኝ። ስድስት ዓመት በር ላይ
አንዴ ሲስት አላየሁ፣ ዝናብ ሆነ ፀሐይ።

ዘፋኟ አንዲት ናት። ስሟን አልጠራውም፣
እሷም አታውቀውም፣ እኔም አልነግራትም።
አንድ ካሴት ብቻ አውጥታ የጠፋች፣
ምናልባት ሱቅ ያላት፣ ምናልባት ያገባች፣
ምናልባት የሞተች።
እሱ ግን ሰባት ቅጂ ነበረው፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣
ሁለቱን ለመስማት፣ አምስቱን ለክፉ ቀን ብሎ።

በጥቅምት ሞተ፤ መንገድ አልገደለው፣
አልጋው ላይ ነው እንጂ፣ ኩላሊት ነው የጣለው።
ትርንጎ አንዱን ካሴት በነጠላ ሸፍና
ከሳጥኑ ልትከት ብትቀርብ በትሕትና፣
መምሬ ጥበቡ አይተው፣ «ተይ» አሏት፣ «ተይ ልጄ፣
ዘፈንና ፍታት አላጋባም በእጄ።»
አልተሟገተችም። ካሴቱን መለሰች።
መስከረም ሲጠባ ጠራቢ ፈለገች።
«ይሄንን ቅረጽልኝ» ብላ አሳየችው፣
ልጅ ነው፣ ካሴት አያውቅ፣ ምንስ ብሎ ይጠይቃት፣ ምንስ ትበለው፣
ሁለት ክብ ቀረጸ፣ ከሥር መስመር ሰጠው።

በሙት ዓመቱ ሰው ከድንጋዩ ፊት ቆሞ፣
«ሁለት ጎማ ብቻ? የመኪና እኮ አራት ነው ደግሞ!»
መምሬ በጭራቸው ዝንቡን እየመቱ፣
«ሾፌር አይደል?» አሉ፣ «ጎማ ነው ሀብቱ።»
ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ፣
ትከሻዋ ራደ።
ሰው ለቅሶ መሰለው። እኔ አውቃለሁ፣ ስቃ።

(ያለቁትን ሁለቱን ወንድሟ ተቀብሎ፣
ቀወት ማሽላው ላይ ክራቸውን ከካስማ ካስማ ጥሎ፣
ነፋስ ሲነዝራቸው እም… ይላሉ ቀኑን ሙሉ።
ግሪሳ አይደፍርም አሉ።
እኔ ስሄድ ግን አንዲቷ፣ ካስማው ላይ ተቀምጣ፣
አንገቷን አዘንብላ ትሰማ ነበር፣ መንጋው ጥሏት ሲወጣ።)

ከመቃብሩ መልስ፣ አስራ አንድ መኪና፣
ዘፈኑን በፍላሽ ገልብጠን፣ ባንድ አፍታ አስነስተን፣ ያዝነው ጎዳና።
ዋሻው አፍ ላይ ደርሰን ሁላችንም ዘጋን።
የሞተር ጉርምርምታ፣ የውሃ ጠብታ፣
ሌላ ምንም የለም፣ የማንም ትንፋሽታ።
ወጣን። ከፈትን። ሁሉም አፉን ከፈተ።
አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ጭራሽ ዜማውን ሳተ።
የመሐል ሜዳው ልጅ ሁለት ስንኝ አልፎ፣
የአይሱዙው አጥናፉ ከአዝማቹ ተጣልፎ፣
እኔ፣ ስድስት ዓመት ከጎኑ የኖርኩት፣
አንድ ሙሉ ቤት ነው ወደ ኋላ የቀረሁት።
ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ ሲሰሙ
አስራ አንድ መኪና አስራ አንድ ቃል ሲያዜሙ፣
ሙሽራ መስሏቸው እልል ብለው ቆሙ።

አሁን የራሴን ነው የምነዳው።
ረዳቴ ልጅ ነው፣ ለምን እንደምዘጋው
አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝ።
ትናንት ቀደምኩ። ዛሬ ግማሽ ቃል አነሰኝ።
ነገም እወርዳለሁ፤ አንደኛ ወረፋ አለኝ።